የዓርብ ቀን ቮልቴጅ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባሁት በቀይ ሽብሩ ዘመን ነው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርቴን አቋርጬ፣ ማጭድ እንኳ በወጉ መያዝ ሳልችል ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ተደባልቄ በመተማ ተሻገርኩ። ባለቤቴ በሌላ መንገድ፣ በከሰላ በኩል አድርጋ ካርቱም ደርሳ ነበር። ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግረው ማመልከቻ የሚቀርበው ካርቱም ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው። እኔ ደግሞ ታስሪህ ከሚሉት የጉዞ ፈቃድ ውጭ የገዳሪፍን ኬላ አላልፍም። እሷም ብትሆን መታወቂያዋ ከካርቱም ውጭ አይሠራም፤ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም።

ያስጠጉኝ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገበያው ውስጥ የራዲዮና የማቀዝቀዣ መጠገኛ ያላቸው ሀጂ። ደግ ናቸው። የቸገረኝም ደግነታቸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ እገላገል ነበር።

የከተማዋ መብራት የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያዎቹ ሲነሱ ይወድቃል፣ ሲቆሙ ይዘላል። በዚህ የተነሳ የአንድ ፋርማሲ ማቀዝቀዣ ተቃጥሎ መድኃኒቱ ሁሉ ተበላሸ። የፋርማሲው ባለቤት ወንድም ደግሞ ታስሪህ የሚፈርመው መኮንን ነው። ሀጂ ጠሩኝና፣ «ሰው ሳይጠብቀው ቀጥ ብሎ የሚቆም ካህራባ፣ የማይወድቅ የማይዘል መብራት ሥራለት። ከዚያ ኻላስ፣ ታስሪህህ በኔ ይሁን» አሉኝ።

ሠራሁ። የከተማውን መብራት በአሮጌ የሎሪ ባትሪዎች ላይ አጠራቅሞ፣ ከባትሪው መልሶ ለማቀዝቀዣው የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ልቡ ያለው መቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ የሚወጣውን ቮልቴጅ እያየ፣ ሲያንስ ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

የምሞክረው ዓርብ ቀትር ላይ ነበር። ሀጂና ሠራተኞቹ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ጠረጴዛው ለእኔ ብቻ ይቀራል፤ እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ምሳ አያባክነኝም። የቮልቴጅ መለኪያዋ ንቅንቅ አትልም። ደስ ብሎኝ ለፋርማሲው አስረከብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተጠራሁ። በመሣሪያዬ ላይ የተሰካው የፋርማሲው አምፖል ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ማቀዝቀዣው ያቃስታል። ለካ ዓርብ ቀትር መጭመቂያዎቹም ሶላት ላይ ናቸው! እኔ ቀጥ አደረግሁት ያልኩት የከተማው መብራት ራሱ ቀጥ ብሎ በቆመበት ሰዓት ነው። መጭመቂያ ሲነሳ የኔ መቆጣጠሪያ ደንግጦ ይጨምራል፣ ከልክ ያልፋል፣ ያንን ሊያርም ደግሞ ያለ ልክ ይቀንሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሀጂ አልተቆጡም። «እስኪስተካከል አጠገቡ ተቀመጥ» አሉ። ተቀመጥኩ። መብራት በወደቀ ቁጥር በእጄ እጨምራለሁ፣ በዘለለ ቁጥር እቀንሳለሁ። ያቺ ወንበር እስር ቤቴ ሆነች። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ጆሮዬ እዚያው ነው። በበሩ ወደ ካርቱም የሚሄዱ ሎሪዎች ሲያልፉ አይቼ ዞር እላለሁ። ተናደድኩ፤ በመሣሪያውም፣ በከተማውም፣ በራሴም።

መውጫው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተገለጠልኝ። እጄ የሚያደርገውን አስተዋልኩ፤ እጄ ማቀዝቀዣው እስኪያቃስት አይጠብቅም፣ የከተማው መብራት ገና ሲወድቅ ያውቃል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ነው የሚያስተካክለው። መቆጣጠሪያውንም እንዲሁ አደረግሁት። መግቢያውንም እንዲያይ ሽቦ ሳብኩለት፣ እርማቱንም አዘገየሁት። ሰኞ መጭመቂያዎቹ በሙሉ ተነሱ፤ አምፖሉ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ከወንበሬ ተነሳሁና እየሮጥኩ ሀጂ ዘንድ ሄድኩ።

«ማሻአላህ!» አሉ። «የከሰላ ሐኪም ቤት ጠይቆኛል፤ የፋው ከተማ ሐኪም ቤትም። ልጄ፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዤ እንዴት እለቅሃለሁ?»

«ሀጂ፣ ታስሪሁስ?»

«ካርቱም ምን አለህ? ሚስትህ አይደለችም? እሷን አስመጥቼልሃለሁ። በቀደም በሎሪ ሾፌር ልኬባታለሁ።»

ወደ ሎሪ ተራ በረርኩ። ወደ ካርቱም የሚሄድ አንድ ሾፌር አግኝቼ፣ «እባክህ፣ እንዳትመጣ በላት» ብዬ ለመንኩት። እኔ ራሴማ ከኬላው ወዲያ አልሄድ። ሰውየው ግን ከተማውን ሳይለቅ የእሷ ሎሪ ገባ።

አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ወረደች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ደግሞ ወደ ካርቱም መመለሻ እንደሌላት ትዝ አለኝ። ሀጂ በግ ይዘው ደረሱ፤ የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ሳያሳርዱ፣ ከነሕይወቱ ገመዱን በእጄ አስጨበጡኝ።

«ሾፌሩ ‹ባልሽ ተሳክቶለታል፣ ነይ ብሏል› ሲለኝ አላመንኩም» አለች፤ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። «የሁለታችንንም ጉዳይ እዚሁ ጨረስከው አይደል? በል ንገረኝ፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

ሀጂ አጠገባችን ቆመው ፈገግ ብለዋል። እኔ የበጉን ገመድ ይዣለሁ።