አያ ይመርና የሰረጎደው ታንከር

ልጅ ሳለሁ የሆነውን ሁሉ ልክ እንደነበረ ይዤዋለሁ ብዬ አልምልም። ወሩን እንኳ አላውቀውም፤ እሸት በቆሎ እንጠብስ ስለነበር የክረምቱ መውጫ ይመስለኛል። ቤተሰቦቼ ነገሩን የሚያወሩት እኔ ከማስታውሰው በተለየ መንገድ ነው። እነሱ ብዙ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ያኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አሁን ግን ያ ዝምታዬ ራሱ ያናድደኛል።

የምንኖረው መርሳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ በሞተር ሳይክሉ ግራና የምትባለውን ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ገበያዎችን እየዞረ የእጅ ባትሪና የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ታላቅ ወንድሙ አያ ይመር ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ቀን የጓሮውን ፓፓያ ሲኮተኩቱ ውለው፣ ሲመሽ ለእኔና ለእህቴ ተረት ያወሩልናል። መብራት ሲጠፋ ትልልቆቹ ያማርራሉ፣ እኛ ደስ ይለናል። ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ የኩራዙ ጭስ ግድግዳውን እያጠቆረ፣ አያ ይመር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ያኔ እህቴ እንኳ በቆሎዋን ማኘክ ትተዋለች።

አንድ ቀን አባቴ ከግራና ሲመለስ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። እሱ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ደህና ነበር፤ የሞተሩ ቤንዚን ታንከር ግን ድንጋይ ላይ አርፎ ጎኑ ሰረጎደ። አያፈስም፣ ሞተሩም ይሠራል። አባቴን የከነከነው መልኩ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ «ምነው፣ በቅሎ ረገጠችው?» እያሉ ይስቁበታል፤ አባቴ ደግሞ ሲሳቅበት አይችልም። ወልድያ ጋራዥ ወስዶ ሲያሳየው፣ እጅ ስለማያስገባ ከውስጥ መቀጥቀጥ አይቻልም፣ ተቆርጦ ተከፍቶ እንደገና መበየድ አለበት አሉት። እቤቴ አቃናዋለሁ ብሎ ተመለሰ። ታንከሩን ፈታ፣ ቤንዚኑን ገለበጠ፣ አጥቦ ቤት አስገባው። ሽታው አልለቅ ስላለ እናቴ ከሰሉን በረንዳ ላይ አወጣችው፤ የዚያን ዕለት ተረቱን የሰማነው ብርድ እየመታን ነው።

ተረቱ የአንድ ስስታም ገበሬ ነበር። ሊቀቅለው ጋን ሙሉ ሽምብራ ዘፍዝፎ ሳለ እንግዳ መጣበት። እንግዳው እንዳያይ ጋኑን ከድኖ አፉን በጭቃ መረገው። እንግዳው ግን የሚሄድ አልሆነም፤ ተጫወተ፣ አደረ። ሽምብራው ውሃውን ጠጣ፣ አበጠ፣ መውጫ አጣ። በመጨረሻ ጋኑ ጓ ብሎ ተሰነጠቀና ሽምብራው እየተንከባለለ ሄዶ እንግዳው እግር ሥር ቆመ።

እኛ ስንስቅ አባቴ ብድግ አለ። ይህን አስታውሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ከበሩ ወዲያ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ታንከሩን ሲዳብስ ነበር፣ የሚሰማም አይመስልም። «ከውስጥ ይገፋዋል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ወጣና በፌስታል ሽምብራ ይዞ ተመለሰ። ታንከሩን እስከ አፉ ሞላው፣ ውሃ ጨመረበት፣ ክዳኑን በጎማ አጥብቆ ዘጋው። አያ ይመር ያኔ ምን እንዳሉ ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ፤ አይመጣልኝም። ጥርጣሬዬ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት ስንነሳ የሰረጎደው ጎን እንዳለ ነው። የተከፈተው ከሥር፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች የተገጠሙበት ጠርዝ ነበር። ወለሉ ላይ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ውሃና ያበጠ ሽምብራ ተዘርግፏል። አባቴ ከዚያ ወዲያ ገበያ የሚሄድበት አልነበረውም። ታንከሩን አየና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«በተረትህ እንጀራዬን ዘጋኸው» አለ። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው። «አንተ ምን ቸገረህ፤ ቁጭ ብለህ ነው የምትበላው።»

አያ ይመር የቀረውን ሽምብራ ከታንከሩ አፍ በሽቦ እየጎተቱ ሲያወጡ ዋሉ። በማግስቱ ግራና ዘመድ ዘንድ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አላደሩም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወሬው ተለወጠ። አያ ይመር መክረውት ነው ተባለ፤ «አያ ሽምብራ» የሚል ስም ወጣላቸው። ግራና ስሄድ ተረት እንዲነግሩኝ እለምናቸዋለሁ። ግራ ቀኙን ያዩና «ሞተር ያለው ሰው በአካባቢው የለም?» ብለው ይስቃሉ። አንድም ቀን ግን አልነገሩኝም።

አምና ሞቱ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አባቴ ራሱ ነገሩን አነሳው። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽምብራ ሙላበት አሉኝ፤ እኔም ሞኙ ሞላሁ» አለ። ለቀስተኛው ሳቀ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ነበር፤ ተነስቼ ውሸት ነው ማለት አማረኝ። አላልኩም። ንዴት ማስረጃ አይሆንም፤ የአንድ ልጅ ትዝታም እንደዚያው። ግን ሰውን ከቤት አስወጥቶ፣ ተረቱን ቀምቶ፣ በሬሳው ላይ ማሳቅ ምን እንደሚባል አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረልኝ ያ ተረት ነው። ለእህቴ ልጆች እጀምርላቸዋለሁ፤ ጋኑ ጋ ስደርስ ግን ቁጣው ይቀድመኛል፣ ልጆቹም የተቆጣሁት እነሱን ይመስላቸዋል።

ያኔ ጎረቤታችን ሱቅ የነበራቸውን እትዬ ዘሀራን ከለቅሶው በኋላ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ምን መስማት እንደምፈልግ እንዳያውቁብኝ ተጠንቅቄ፣ ያን ሽምብራ ማን ነበር የገዛው አልኩ ብቻ። «አባትህ» አሉኝ፣ ሳያመነቱ። ሽምብራው ሚዛን ላይ ሳለ አያ ይመር እያለከለኩ እንደደረሱና አባቴ ገፍቷቸው እንደወጣም ነገሩኝ። አያ ይመር ያሉትን ቃል አልረሱትም፦ «ዘሀራ፣ በአላህ ይሁንብሽ አትመዝኚለት። እኔ ለልጆቹ ነው ያወራሁት፤ ተረት ነው።»