ሚኒባስ ውስጥ የተንሳፈፈው ናይትሮጂን

ትናንት ጠዋት ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ሾፌሩ ምን እንዳስቸኮለው እንጃ... ያበረዋል።

አጠገቤ ዘሀራ የምትባል የከብት ማዳቀል ባለሙያ ተቀምጣለች። በጉልበቶቿ መሃል ትልቅ የብረት ዕቃ ይዛለች። ውስጡ የኮርማ ዘር እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ ናይትሮጂን ነው፤ በረዶ ከእሱ ጋር ሲወዳደር ትኩስ ነው ማለት ይቻላል። ስልኳ አላርፍ ብሏል። ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ ነው የሚደውለው።

«አብሽሩ አባባ፣ እየደረስኩ ነው» ትላለች። ግን በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች። ጭንቀቷ ተጋባብኝ።

አንድ ጉብታ ላይ ሾፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ዘለለው። ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን፤ የእኔ ጭንቅላት ጣራውን መታ። ዕቃውም አብሮን ተነሳ፣ ክዳኑ ተፈናጥሮ ወጣ... ፈሳሹም ተከተለው። አልፈሰሰም እኮ! እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ፊት ለፊቴ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደቀ። ጠብታዎቹ ወለሉ ላይ እየተንሸራተቱ በየወንበሩ ስር ገቡ። መኪናው በነጭ ጉም ተሞላ።

«እሳት! እሳት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያረቢ! በሩን ክፈቱ!»

ሾፌሩ አቆመ። ተገፋፍተን ወረድን። ማንም አልተጎዳም... ግን ከኋላ የነበረው ሰውዬ «ይቺ ሴትዮ ከነዕቃዋ እዚሁ ትቅር!» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት።

ዘሀራ ቀጭን ዘንግ ዕቃው ውስጥ ከትታ አወጣችው። ዘንጉ ላይ አመዳይ የያዘው ፈሳሹ እስካለበት ድረስ ነው፤ እሱን አየችና ትንፋሿ መጣ።

«የሚበቃ ተርፏል። ግን እዚህ ከቀረሁ የላሚቷ ሰዓት ያልፋል። እንደገና ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው» አለችኝ። 

አላስቻለኝም። «እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ እሳት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። «ታዲያ ፈሳሹን ምን አባቱ ነው ወደ ላይ ያነሳው?»

«እማማ፣ መኪናው ሲዘል እኛም ፈሳሹም ለቅጽበት ክብደት አልነበረንም። ሕዋ ላይም የሮኬት ቀዝቃዛ ነዳጅ እንዲሁ ነው፤ ከታንኩ ስር አልቀመጥም ይላል። ሞተሩ ጋ እንዲደርስ መጀመሪያ ሮኬቱን በትንንሽ ሞተሮች ገፋ አድርገው ነው ታንኩ ስር የሚሰበስቡት።»

«ጭሱስ?»

«የአየሩ እርጥበት ቀዝቅዞ ነው። በሩ ሲከፈት ይኸው ጠፋ።»

እማማ አንገታቸውን ወደ ሚኒባሱ አስገብተው አሸተቱ። «ሽታ የለው፣ አመድ የለው... ነይ ልጄ፣ ግቢ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «አንተ ነህ ወደ ሰማይ ያወጣኸን! ሰው ነው የጫንከው!»

ሰዉ ሁሉ ሾፌሩ ላይ ዞረበት። ቀሪውን መንገድ እየተሳበ ሄደ፣ እኛ ደግሞ ሰዓት እያየን ተቁነጠነጥን። አቀስታ ልንገባ ስንል ገበሬው መንገድ ዳር ቆሟል።

«አላለፈባትም! ቶሎ ነይ!» ብሎ ዕቃውን ተቀብሏት ከፊት ሮጠ። ዘሀራ ሳትሰናበተን ተከተለችው።

ክብደት አልባነትን ስንት ዓመት በጠመኔ አስተማርኩ... ለካ ለእኔም የሚገባኝ ጭንቅላቴ ጣራ ሲመታ ኖሯል።