ከአመተ ማርያም ቤት በላይ

ገብረአብ ሙት ይጠራል ተባለ። ወሬውን ያነሣችው የደብረ ብርሃን ጎረቤቱ ባዩሽ ናት። ባዩሽ ያላየችውን አታወራም፤ ያየችውን ግን እንዳለ አትተወውም። በጠራራ ቀትር መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ጥቁር ጣሳ እየገለበጠ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም በበሩ ቀዳዳ አይታዋለች። ሃያ ጊዜ ቆጠረች። ወሬው ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ጣሳው ውስጥ የሰው እጅ ተጨምሮበት ነበር።

እጅ የለም። ያለው ፊልም ነው። ገብረአብ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረው፤ በከተማው ለመታወቂያ ያላነሣው ሰው የለም። ስልክ መጥቶ ሱቁን ቢያዘጋውም ጥቁርና ነጭ ፊልሙን እስከ ዛሬ እቤቱ ያጥባል። ሰዓት አያምንም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሲያልቅ ፊልሙ ያለበትን ጣሳ አንዴ ይገለብጣል፣ ሃያው ሲሞላ ማጠቢያ መድኃኒቱን ያፈሳል። መድኃኒቱም ገር ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይችላል፣ ደቂቃ ቢተርፍ ቢጎድል አይቀየምም። «ከሚስት ይሻላል» ይል ነበር፣ ሚስቱ እየሰማች።

«እኔም ሃያ ጊዜ ቢጸለይልኝ እችል ነበር» ትለው ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።

ዘንድሮ ግን ቀልዱ ቀነሰ። መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በየወሩ አንኮበር ይወርዳል። ከእኅቱ ከአመተ ማርያም ቤት ፊት ለፊት አንድ ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ ከቤቷ በላይ ያለውን ተዳፋት ፎቶ ያነሣል። በጥቅምቱ ፊልም ላይ በባሕር ዛፎቹ መካከል ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ነበረች። የጥር ወሩን አጥቦ ገመድ ላይ ከጥቅምቱ ጎን ሰቀለው። በፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ስንጥቋ ነጭ ክር ሆና ከዛፎቹ ወርዳ፣ ዞራ፣ ከቤቱ ጀርባ ደርሳለች። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ አንኮበር ተሳፈረ።

አመተ ማርያም ሁለቱን ፊልሞች በመስኮቱ ብርሃን አይታ ለባሏ አቀበለችው።

«ጭረት ነው» አለ ባሏ።

«ጭረት ቀጥ ይላል። ይሄ ዛፍ እየዞረ ነው የሚሄደው» አለ ገብረአብ።

«በዛፎቹ መካከል ያለውን ቦይማ አውቀዋለሁ፣ ክረምት የቦረቦረው ነው። ጨመረ የሚለው የእርስዎ መድኃኒት ነው። ስሕተት ይችላል ሲሉን የኖሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይኸው ቻለልዎ።»

አመተ ማርያም ሳቀች። ገብረአብም ሳቅ ቃጣው፤ ቀልዱ የገዛ ራሱ ነበርና።

«ያደበዝዝ ይሆናል እንጂ የሌለ አይሥልም» አለ። «አንድ ወር ብቻ እኔ ጋ ኑ። ቤቱ ባዶ ነው።»

«ከብቱን ማን ይይዛል? ወንድምዓለም፣ አንተ ብቻህን መሆን ሰልችቶህ ነው» አለች እኅቱ።

ይህም እውነት ነበረበት፤ ፊልሞቹን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ጉሙ ከቆላ ሲወጣ የአመተ ማርያም ባል በሩን ሊዘጋ ተነሣ። በሩ ግማሽ ላይ ያዘ። በትከሻው ገፋው፤ ከታች በእግሩ መታው፤ በሦስተኛው ሲጢጥ እያለ ገጠመ። እንደለመደው ሰው እጁን አራግፎ ተቀመጠ። ገብረአብ መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየ፤ ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሏል።

«ይሄ በር ከመቼ ወዲህ ነው አልገጥም ያለው?» አለ።

አመተ ማርያም ባሏን አየች፤ ባሏ ወለሉን።