ለመኪና የተገዛ ቤት

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንዳልል፣ ዛሬ ባሌንና ታላቅ ወንድሙን ልወቅስ ነው የተቀመጥኩት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ቤት ስንፈልግ አንድ ትንሽ ቤት ወደድኩ። አውቶቡሱ ደጁ ላይ ይቆማል፤ ሆስፒታል ልብስ ወደማጥብበት ሥራዬ ማንንም ሳልለምን መሄድ እችላለሁ። መንዳት አላውቅም። የባሌም መኪና ለሴት የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም።

ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሲቆም የጎረቤት ደጅ የሚዘጋ የአሜሪካ መኪና ነበር። ወንበሩ የሳሎን ሶፋ ነው። አልዋሽም፣ ሲሄድ መንገዱ አይሰማም። ያገራችን ሙሽራ በእሱ ካልሄደች እንደተዳረች አይቆጠርም። ባሌ ቅዳሜ ሪባን አስሮ ሲነዳው፣ ሰኞ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና የሚያቆም መሆኑን ይረሳል።

መኪናውን ያስገዙት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ቤቱንም ሊያዩ እሳቸው መጡ። ወጥ ቤት አላዩ፣ መኝታ ቤት አላዩ፤ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄዱ። ባሌ መኪናውን አስገባ። አፍንጫው ግድግዳ ነካ፤ ኋላው ውጭ ቀረ።

«ይኼ ቤት አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ አልኖርም እኮ።»

«መኪናው ደጅ የሚያድር ሰው ቤት አለኝ ይላል?»

ባሌን አየሁት። «እንግዲህ ጋሼ ካሉ…» አለ። የባሌ ንግግር ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ሌላ ቤት ገዛን። ጋራዡ አዳራሽ ነው፤ አውቶቡስ የለም። ከዚያ ወዲያ ሥራ የምገባው ባሌ ሲነቃ፣ መኪናው ሲነሣ፣ ቤንዚንም ሲኖር ሆነ። ሦስቱ የተገናኙ ዕለት አላረፍድም።

ዓመታት ሲያልፉ የመኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ያን ርዝመት ተዉት። ሙሽሮችም ቀሩ። የመጨረሻዋ እዚሁ ያደገች ልጅ ነበረች፤ መኪናውን እንዳየች እናቷን «ኖ ዌይ! ቀብር ነው እንዴ የምሄደው?» አለቻት።

አንድ እሑድ ጋሼ በትንሽ የጃፓን መኪና መጡ። «ቤንዚን አትጠጣ፣ የትም ብትቆም አታስቸግር!» እያሉ ኮፈኗን መታ መታ አደረጉ። ባሌ እንደተከዳ ሰው አያቸውና «እውነት ነው ጋሼ» አለ።

«እንግዲያው እኔም እንዲህ ያለችውን ልግዛ» አልኩ።

«አንቺ? ማን ሊነዳልሽ?» አሉ ጋሼ።

«እኔው ነኛ።»

ሁለቱም ሣቁ።

አብራኝ የምታጥብ አሜሪካዊት በምሳ ሰዓት መንዳት አስተማረችኝ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ አሮጌ ትንሽ መኪና ገዛሁ። በዚያው ዓመት የብርድ ወራት የባሌ መኪና ሞተሩ ተቃጠለ። ጋራዡን እንዲለቅልኝ ጠየቅኩት።

«ጋሼ ይጠገናል ብለዋል» አለኝ።

ስለዚህ የማይሄደው መኪና ብርድ ልብስ ለብሶ ጋራዥ ያድራል፤ እኔ ማለዳ ማለዳ ደጅ ቆሜ ከመኪናዬ መስታወት ላይ በረዶ እፍቃለሁ። አንድ ቀን ባሌ መስኮት ከፍቶ «ልርዳሽ እንዴ?» አለኝ።

«ጋሼን አስፈቅደሃል?»

መስኮቱን ዘጋ። እኔም ፍቄ ስጨርስ አስነሥቼ ሥራዬ ሄድኩ።