በነፃ የተሰቀለው አምፖል

ፊደል የምቆጥርበትን ዘመን አንድ አምፖል በላብኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ላሳምረው አልፈልግም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ የልጅ ልጆቼ "መጣ!" ብለው ጮኹ። የእኔ ክፍል አምፖል የድሮው፣ የሚግለው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ የተኛው አቧራ መቃጠል ሲጀምር ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እነሱ ተደሰቱ፣ እኔ ተናደድኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት፣ አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ሆነን ሸማ እንሠራ ነበር። ገና ጎረምሳ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ከጋሞ ደጋ አምጥቶ መወርወሪያ ካስጨበጠኝ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፈትሉን የምታመጣልን፣ የሠራነውንም ነጠላ ወስዳ ሱቋ ውስጥ የምትሸጠው አንዲት ነጋዴ ነበረች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። የምትከፍለን በሠራነው ልክ ነው። ቤቱ ያለችው አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ስለነበረች ፀሐይዋ ስትሸሽ ድሩ አይታይም። ያኔ እግራችንን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አውጥተን፣ ብናኙን ከላያችን አራግፈን እንወጣለን። ድሆች ነበርን፤ ምሽት ግን ነበረን።

በዚያ ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣና ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ማታ ማታ ትምህርት ተጀመረ። ለእትዬ የምትፈትል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ልብሷ ጥጥ ጥጥ የሚሸት፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን። አብረን እንሄድ ጀመር። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንደግም የእሷ ድምፅ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

"ሸማ ላይም እንዲህ የምትንቀራፈፍ ከሆነ በረሃብ ትሞታለህ" ትለኛለች።

"አንቺ ታበይኛለሽ።"

"መጀመሪያ ስምህን ጻፍ። አባቴ በጣቱ ለሚፈርም ሰው አይሰጠኝም።"

ቀልድ አልነበረም፤ አባቷ እውነትም እንደዚያ ብሎ ነበር።

ክረምት ሲገባ እትዬ ሠራተኛ ይዛ መጣች። ከግቢዋ ሽቦ አስስባ አንድ አምፖል ከጣሪያው መሐል አንጠለጠለችልን። "በነፃ ነው፤ ልጆቼ አይደላችሁ? ዓይናችሁ ለምን ይጥፋ?" አለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ቤቱ ቢጫ ሆነ። ጉልበቷን ስመን አመሰገንን። እኔም ስሜያለሁ።

በመጀመሪያ "ለዛሬ ብቻ አምሹልኝ" ነበር። ቀጥሎ "ለበዓሉ ብቻ" ሆነ። ከጎኔ የሚሠራው ጓደኛዬ ቀልደኛ ነበር። "ፀሐይ እንኳ ገብታ ታርፋለች፤ እትዬ የማታርፈዋን ሰቀለችልን" አለ። ሳቅን። ሁላችንም ማታ ስለምንሠራ ነጠላው በዛ። ሲበዛ እትዬ "ገበያው ቀዝቅዟል" ብላ የአንዱን ዋጋ ቀነሰች። ዋጋው ሲቀንስ ደግሞ የድሮውን ያህል ለማግኘት ማምሸት ግድ ሆነ። እንግዲህ አንተ ፍረደው፤ ምሽቴን ሰጥቼ የማገኘው፣ ምሽቴ የራሴ በነበረ ጊዜ አገኘው የነበረውን ነው።

ከትምህርት ቀርተዋል ብሎ የቀበሌው ሰው ሊቆጣን መጣ። እትዬ አዲስ ጋቢ አለበሰችው። "ኧረ በነፃ ነው" አለችው እሱንም። ጋቢውን የሠራነው በዚያው መብራት ነው። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

ልጅቷ ግን አልተወችኝም። የፊደል ገበታዋን አመጣችልኝ። "ከፊትህ ለጥፈው፤ እጅህ እንደሆነ መንገዱን ያውቀዋል። አግዳሚው ላይ ቦታህን ነጠላዬን አስቀምጬ እይዝልሃለሁ" አለችኝ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። አንድ ማታ ጥለቱ ላይ ስደርስ ሦስት እግር ያላት አንዲት ፊደል ስሟ ጠፋኝ። ዓይኔ እሷ ላይ ተተክሎ ሲቀር ቀለም የምቀይርበትን ቦታ አለፍኩት፤ ጥለቱ ተወላገደ።

ቅዳሜ እትዬ ነጠላውን አምፖሉ ሥር ዘረጋችው።

"ይኼ ምንድነው?"

"እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፊደል እያየሁ..."

"ፊደል? በእኔ መብራት?"

"በነፃ ነው ብለውን ነበር እኮ።"

"ለሥራ ነው ያልኩህ! ማንበብ ካማረህ የራስህን አስገባ!"

ገበታውን ከግድግዳው ላይ ገነጠለችው። ነጠላውን ጠቅልላ ደረቴ ላይ ወረወረችው። "እንካ፣ ይሄንንም በነፃ ውሰደው።" ክፍያ የለህም ማለቷ ነው። ጓደኛዬ እንኳ ያን ቀን አልቀለደም።

ያን ነጠላ ለልጅቷ ሰጠኋት። የተወላገደውን በጣቷ ዳሰሰችና "ነገ ትመጣለህ?" አለችኝ።

"እመጣለሁ" አልኳት።

አልሄድኩም። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ያልተከፈለኝን ነጠላ በሌላ ነጠላ መሸፈን ነበረብኝ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። እሷ ተምራ ጨረሰችና ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። አባቷም በእስክሪብቶ ለሚፈርም ሰው ዳራት። ወሬውን ሲነግሩኝ መወርወሪያውን አላቆምኩም። መብራቱ በርቶ ለምን አቆማለሁ?

እትዬ ደግ ሰው ነበረች የሚሉ አሉ። ይበሉ። እኔም ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ አላለቀስኩም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ የራሴን ድር ዘረጋሁ፤ አምፖሌን ገዝቼ ሰቀልኩ። በየወሩ ስከፍል እያጉረመረምኩም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሥሩ ተቀምጬ ምን እንደማይ የሚጠይቀኝ የለም። ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተመልሼ ከአሮጊቶች ጋር ተቀመጥኩ። ሲሳቅብኝም እየደገምኩ ቀጠልኩ። ጨረስኩ።

የምስክር ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቀጨኔ ወረድኩ። ልጅቷ የምትኖርበትን አውቀዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን ግን በዚያ ሰፈር አላልፍም ነበር። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ወረቀቱን ተቀብላ ከታች የፈረምኩትን ብዙ ጊዜ አየችው።

"ትንቀራፈፋለህ ብዬህ አልነበረም?" አለችና ሳቀች።

አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን የተወላገደው ጥለት ፊቴ መጣ። ቀለሙ በእጥበት ሄዷል። ማየቴን አየች። ጣቷን ጥለቱ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ጋ ስትደርስ የትኛዋን ነበር የምታየው?"

"ጠ" አልኳት።

ያ ቀን እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።