ዘጠነኛዋ ወገብ

ልብስ ሰፊዋ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ትምህርት ጀመረች። ልጇ ላፕቶፑን ከስፌት መኪናው ጎን ከፍታላት ሄደች።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ራስን አስተዋውቆ ከሥራ ቦታ አሥር ቁጥሮች ማምጣት ነበር። እሷም አሥር ደንበኞቿ "ወገቤ ይህን ያህል ነው" ያሉትንና ሜትሩ ያለውን ጎን ለጎን ጻፈች። ልዩነቱ በአማካይ ሰባት ሳንቲሜትር ወጣ። የማንንም ስም ሳትጠቅስ ለክፍሉ ሁሉ ለጠፈችው።

ወዲያው ደንበኛዋም የሆነች አንዲት የክፍሉ ተማሪ ከሥር ጻፈች፤ "እትዬ፣ በሁለት ሳንቲሜትር ብቻ የተሳሳተችው አራተኛዋ እኔ ነኝ አይደል?"

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን አፍና፣ "አይ የኔ እመቤት፣ አንቺስ ዘጠነኛዋ ነሽ" ብላ መለሰች። የዘጠነኛዋ ልዩነት አሥራ አራት ነበር።

በሳምንቱ ያቺው ተማሪ ቀሚስ ልታሰፋ መጣችና ገና ሳትጠየቅ፣ "እትዬ፣ ዝም ብለው ይለኩኝ" አለች።