በትውስት ሶፋ የቀረብኝ መሬት

ሰው ስለ ቤት እጣ ማውራት ሲጀምር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ቤት የሌለው በማህበር ተደራጅቶ መሬት በነፃ፣ የግንባታ ብድር ደግሞ ከመንግሥት ባንክ በትንሽ ወለድ በሚያገኝበት ሰሞን ነው። እኔ ያንን እድል እንዴት እንዳጣሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እዚሁ ናዝሬት አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው። እኔ፣ እናቴና አራት ልጆቼ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ተፋፍገን እንኖራለን። ጣሪያው ያፈሳል፤ የግድግዳው ጭቃ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ክረምት በገባ ቁጥር እናቴን አስም ይዞ ያሰቃያታል። ለራሴ አልነበረም፤ እሷን ደረቅ ቤት ውስጥ ላሳርፋት ነበር ጉጉቴ።

ለማህበራችን የተሰጠው መሬት ለሁላችንም ስላልበቃ፣ ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ አይቶ የባሰበትን ያስቀድም ተባለ። እኔማ አንደኛ ነኝ ብዬ ተኛሁ። ከእኔ የባሰ ከየት ይመጣል?

ጎረቤቴ እትዬ ጫልቱ ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ እህል እያመጡ የሚነግዱ፣ እጃቸው የማይሰስት ሴት ናቸው። ልጆቼን ከልጆቻቸው ለይተው አያውቁም። ኮሚቴው የሚመጣ ዕለት ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ ሲባል፣ «እትዬ፣ መሬት የሚሰጡት ሰዎች ቤቴን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ከቀደሙኝ አስገቡልኝ» ብያቸው ሄድኩ።

ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። ስመለስ በሬ ላይ ቆሜ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። የእትዬ ጫልቱ ሶፋ ከነዳንቴሉ ተደርድሯል። መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ቴፕ! ጭቃው የረገፈበት ግድግዳ ላይ ጣዎስ ያለበት ትልቅ ስጋጃ ተሰቅሏል። እናቴም ልጆቼም የሉም። ለካ ቤቱ ሰፋ እንዲል ሁሉንም ወደራሳቸው ቤት ወስደዋቸዋል። ሦስቱ ኮሚቴዎች ሶፋው ላይ ተንደላቀው ለስላሳ ይጠጣሉ።

«ጓዶች፣ ይሄ የእኔ አይደለም! የጎረቤቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ጫልቱ ክው አሉ። «ወይ ጉድ! የራስሽን እቃ ትክጃለሽ?» ወደ ሰዎቹ ዞረው ደግሞ፣ «ጨዋ ናት እኮ፤ ያላትን አታወራም» አሏቸው።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት አምላክ እውነቱን ይንገሩልኝ!»

«ነገርኳቸው እኮ» አሉ በዓይናቸው እየቆነጠጡኝ።

ስጋጃውን ልገልጥ ስሄድ ቀድመውኝ ጀርባቸውን ሰጥተው ተለጠፉበት። እኔ ስጎትት፣ እሳቸው ሲገፉኝ፣ ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። «ጓድ መምህርት፣ በላስቲክ በተሸፈነ ቤት የሚኖር አባል እያለን ይሄ ያሳፍራል!» ብሎ ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ። እስከ መንገድ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኩ። በኋላም ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር። «በዓይናችን ያየነውን?» አሉኝ። አለቀ።

ያን ዕለት ቤት ተመልሼ፣ እትዬ ጫልቱን «ምን አደረግኩዎት?» አልኳቸው እያለቀስኩ። እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

«ልጄ፣ መሬት ለሚሰጥ ሰው ባዶ ቤት ይታያል እንዴ? በምኗ ትሠራዋለች ብለው እንዳይከለክሉሽ ብዬ ነው። ደግሞስ እንግዳ ፊት ገመናሽ ሲወጣ ቆሜ ልይ?»

ምን ይባላል? ለክፋት ያደረጉት ቢሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እሱም አልሆነልኝ።

ኮሚቴው እኔን ወደ ሁለተኛው ዙር አስተላለፈኝ። ሁለተኛው ዙር ሳይመጣ ደርግ ወደቀ። እናቴ እዚያችው ክፍል ውስጥ እያሳላት አረፈች፤ እኔም ይኸው እዚያችው ነኝ።

እትዬ ጫልቱ ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ብዙ ነገር ይረሳሉ፤ ያቺን ቀን ግን አይረሷትም። ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር እጄን ይዘው፣ «ያን ቀን ቤትሽ እንዴት አምሮ ነበር!» ይሉኛል። በዚህ ዕድሜያቸው ምን እላቸዋለሁ? «አዎ እትዬ፣ አምሮ ነበር» እላቸዋለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል።